ስለ አርመርድ ኬብል፦ ጥፋቱ ከብረቱ ሳይሆን ከጫፉ ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከሦስት ሳምንት በፊት በዚሁ የአንባቢያን ዓምድ ደብዳቤያቸው የወጣላቸው አንድ ጸሐፊ፣ አፓርታማ በገዙበት ሕንፃ ከዋናው ቦርድ ወደየፎቁ የሚወጡት አርመርድ ኬብሎች የኧርዝ ሽቦ (ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ሲወጣ ሰው እንዳይመታ ከረንቱን የሚመልሰው የደኅንነት ሽቦ) እንደሌላቸውና ተቋራጩ በኧርዝ ፈንታ የኬብሉን የብረት ልባስ ብቻ እንደተጠቀመ ከገለጹ በኋላ፣ ድርጊቱ «ዓይን ያወጣ ስርቆት» ነው ብለው አሠራሩ ጨርሶ እንዲከለከል ጠይቀው ነበር። ቁጣቸው ይገባኛል፤ የዕድሜ ልኩን ጥሪት አውጥቶ ቤት የገዛ ሰው በግድግዳው ውስጥ የተደበቀ ነገር እንዲጎድልበት አይፈልግም። ሆኖም ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በኤሌክትሪክ ዝርጋታና ፍተሻ ሥራ ላይ የቆየሁ እንደመሆኔ፣ ጉዳዩ እርሳቸው ባቀረቡት መልክ ብቻ ታይቶ ቢታለፍ ስሕተቱ በሌላ በር ተመልሶ ይገባል ብዬ ስለምሰጋ ይህችን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። በግማሹ ከእርሳቸው ጋር እስማማለሁ፣ በግማሹ አልስማማም፤ የማልስማማበትም ግማሽ ነው ሰው ሊገድል የሚችለው።

ለነገሩ እንግዳ ለሆኑ አንባቢያን በአጭሩ ላስረዳ። አርመርድ ኬብል የምንለው ከዋናው ቦርድ ወደ ንዑስ ቦርዶች፣ ወደ ውሃ ፓምፕ፣ ወደ ሊፍትና ወደ ጄኔሬተር ቤት፣ አንዳንዴ መሬት ተቀብሮ አንዳንዴም በግድግዳ ላይ ተይዞ የሚሄደው ወፍራም ጥቁር ኬብል ነው። በቢላ ቢላጥ ከላይ ጥቁር ፕላስቲክ፣ ከሥሩ ዝገት እንዳይበላቸው በዚንክ የተለበጡና ጎን ለጎን ተሰልፈው ኬብሉን ዘወርዋራ የሚከተሉ የብረት ሽቦዎች፣ ከእነርሱ በታች ሌላ ፕላስቲክ፣ በመጨረሻም ፌዝ (ኃይሉን የሚያመጣው) እና ኒውትራል (የሚመልሰው) የሚሆኑት የመዳብ ሽቦዎች ይገኛሉ፤ እያንዳንዳቸውን ኮር እንላቸዋለን። ጸሐፊው ያዩት ባለ አራቱ ነው፤ ሦስት ፌዝና አንድ ኒውትራል። አምስተኛ ኮር ስለሌለው ኧርዙን የሚሸከመው ከዚያ የብረት ሽቦ ረድፍ በቀር ሌላ የለም።

ብረቱ እዚያ የተቀመጠበት አንደኛው ምክንያት ዶማና አካፋን መመከት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ሁለተኛው ምክንያት ግን ይረሳል። ጉድጓድ የሚቆፍር ሠራተኛ በኃይል ያሳረፈው ዶማ ኬብሉን ሰንጥቆ ቢገባ፣ ስለቱ ፌዙ ዘንድ ከመድረሱ በፊት የብረት ልባሱን መንካቱ አይቀርም፤ ልባሱ ከኧርዝ ጋር በሚገባ የተያዘ ከሆነ ፌዙና ልባሱ በዶማው በኩል በተገናኙበት ቅጽበት ብዙ ከረንት ይፈስና ብሬከሩ ይቆርጣል፣ ሠራተኛውም ደንግጦ ወደ ቤቱ ይገባል። ልባሱ በሁለቱም ጫፍ ተቆርጦ የተተወ ከሆነ ግን ያው ብረት ከዶማው ስለት ጀምሮ እስከ ሌላኛው የኬብሉ ጫፍ ድረስ ፌዝ ይሆናል። ስለዚህ ኬብሉ ውስጥ የመዳብ ኧርዝ ኖረም አልኖረም፣ የብረት ልባሱ ምንጊዜም ከኧርዝ ጋር መያያዝ አለበት። «ልባስ ኧርዝ አይደለም፣ ይከልከል» የሚለው አነጋገር የሚያስፈራኝ በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ሳይት ላይ፣ አማካሪው ልባሱ ኧርዝ ሆኖ አይቆጠርም ብሎ ስለጻፈ፣ ሠራተኞቹ ባለ አምስት ኮር ኬብል አምጥተው የመዳቡን ኧርዝ በሚገባ ካሰሩ በኋላ የብረት ልባሱን በሁለቱም በኩል ቆርጠው ትተውት አይቻለሁ። አማካሪው እንደዚያ ማለቱ አልነበረም፤ የተረዱት ግን እንደዚያ ነው።

አሁን ወደ ጸሐፊው እውነት ልምጣ። ብረት መዳብ አይደለም። ርዝመታቸውና ውፍረታቸው እኩል የሆነ አንድ የብረትና አንድ የመዳብ ሽቦ ቢነጻጸሩ የብረቱ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ከረንትን የመቋቋም ጠባዩ (የሚለካውም በኦም ነው)፣ የመዳቡን ስምንት እጥፍ ያህል ነው። (ሕዝቡ የእንጀራ ምጣዱን መጠምጠሚያ ሽቦ «ሬዚስታንስ» ብሎ መጥራቱ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ ከትምህርት ቤቱ ትርጉም ይልቅ ነገሩን በደንብ ያሳያል።) አንድ የተለመደ ጉዳይ እንውሰድ። ባለ 10 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ባለ አራት ኮር ኬብል 60 ሜትር ተስቦ ባለ 63 አምፔር፣ ሲ ዓይነት ብሬከር ቢታሰርበት፣ የብረት ልባሱ ጠቅላላ ስፋት 40 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። አርባ ሲባል ብዙ ይመስላል፤ በመዳብ ሲተመን ግን 5 ብቻ ነው። በዚያ ርዝመት የፌዙ ሬዚስታንስ 0.11 ኦም፣ የልባሱ ደግሞ 0.21 ኦም ያህል ስለሚሆን፣ ሁለቱ አንድ ላይ 0.32 ይደርሳሉ። ሲ ዓይነት ብሬከር ሳይዘገይ ለመቁረጡ ዋስትና የሚኖረው ከተጻፈበት ቁጥር አሥር እጥፍ ሲያልፍበት ማለትም በ630 አምፔር ስለሆነ፣ በእኛ 220 ቮልት የመንገዱ ሁሉ ድምር ከ0.35 ኦም ማለፍ የለበትም። ለትራንስፎርመሩና ከመንገድ ለሚመጣው መስመር የተረፈው 0.03 ብቻ ነው፤ ያውም ኬብሉ በቀዘቀዘበት ሰዓት ተሰልቶ፣ ኬብል ደግሞ በሥራ ላይ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይጨምራል። አምስተኛ የመዳብ ኮር ቢኖር ኖሮ ያው ድምር 0.22 ይሆን ነበር፣ በቂ ትርፍም ይኖር ነበር።

ብሬከሩ ወዲያው ሳይቆርጥ ቢቀርስ? በሙቀት እስኪቆርጥ ድረስ ሰከንዶች፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ እስከዚያው ድረስ 220 ቮልቱ ከመንገድ በሚመጣው መስመር፣ በፌዙና በልባሱ መካከል እንደየሬዚስታንሳቸው ይከፋፈላል። ልባሱ ከፌዙ እጥፍ ያህል ስለሆነ የሚበዛውን የሚይዘው እሱ ነው፤ በዚህም የተነሳ የፓምፑ ወይም የቦርዱ ገላ ላይ 130 ቮልት ገደማ ቆሞ ይጠብቃል። ጸሐፊው በስሜት የተናገሩትን እኔ በቁጥር ስናገር ይኸው ነው፦ ልባሱ አንዳንድ ቦታ በቂ ኧርዝ አይሆንም።

አንዳንድ ቦታ ማለቴን ግን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ቢኤስ 7671 የተባለው የእንግሊዞች የዝርጋታ ደንብ አሠራሩን አይከለክልም፤ እንዲሰላ ግን ያዛል። ደንቡ ለባለሙያ ሁለት መንገድ ይሰጠዋል። አንደኛው አጭር ሰንጠረዥ ነው፤ ከ35 ካሬ ሚሊ ሜትር በላይ ለሆነ ፌዝ የመዳብ ኧርዝ የፌዙን ግማሽ ያህል ይሁን ይላል፣ ኧርዙ የብረት ልባስ ሲሆን ደግሞ ሙቀት የመቻል አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ ያ ግማሽ በ3.1 ገደማ እንዲባዛ ያደርጋል። ይህ ቁጥር የሚመጣው መከላከያ ፕላስቲኩ ኤክስኤልፒኢ ለሆነ ኬብል ሙቀት የመቻል አቅምን ለመዳብ 143፣ ለብረት ልባስ 46 ከሚለው ንጽጽር ነው። ባለ አራት ኮር ባለ 70 ኬብል ብንወስድ በሰንጠረዡ 109 ካሬ ሚሊ ሜትር ብረት ያስፈልገዋል፤ እንግሊዝ ሠራሹ 131 ገደማ ስላለው በምቾት ያልፋል። ባለ 240 ኬብል ግን 373 ያስፈልገዋል፣ ያለው ወደ 290 ገደማ ነው፤ ስለዚህ ይወድቃል። ይህን ስነግራቸው ብዙ ወጣት ባለሙያዎች ይገረማሉ፣ «ትልቁ ኬብል እንዴት ከትንሹ ያንሳል?» ይላሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ኬብሉ እየወፈረ ሲሄድ በውስጡ ያለው መዳብ በፍጥነት ያድጋል፣ ዙሪያውን የሚከበው ብረት ግን የሚያድገው በዙሪያው ልክ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ስሌት ነው፤ ስሕተት ሲፈጠር የሚፈሰው ከረንት በራሱ ከተባዛና ብሬከሩ እስኪቆርጥ በሚፈጀው ሰከንድ ከተባዛ በኋላ፣ የብዜቱ ዳግም ዘር (ስኩዌር ሩት) ተወስዶ ለ46 ይካፈላል። ለምሳሌ 2000 አምፔር ለ0.4 ሰከንድ ቢፈስ 27.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ብረት ይበቃል። በዚህ መንገድ ሰንጠረዡ የጣለው ባለ 240 ኬብል ብዙ ጊዜ ተመልሶ ያልፋል፤ ደንቡም ሁለተኛውን መንገድ የፈቀደው ለዚሁ ነው። ይህ ስሌት ግን ብረቱ አለመቃጠሉን ብቻ ይናገራል፤ ብሬከሩ በጊዜው መቁረጡን ከላይ በኦም ያሳየሁት ስሌት ነው የሚመልሰው። ሁለቱም ካልተሠሩ አንዱ ብቻውን አይረባም። በእኛ አገር ሥራ ላይ ያየሁት ብዙው ፕላን ከሁለቱ አንዱንም አይዝም።

ብረት ሁሉ አንድ እንዳልሆነም ልጨምር። አሜሪካውያን ቢኤክስ እያሉ የሚጠሩት፣ በቀደመው መቶ ዓመት አጋማሽ ብዙ ቤት ውስጥ የገባ ኬብል ነበራቸው፤ ልባሱ ቀጥ ያለ ሽቦ ሳይሆን በኬብሉ ዙሪያ እንደ ምንጭ የተጠመጠመ ቀጭን የብረት ላሜራ ነበር። ከረንቱ ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው ለመዝለል ዝገት ወይም ኦክሳይድ ካገኘ ረጅሙን ጥምጥም ተከትሎ ለመሄድ ይገደዳል፤ ያን ጊዜ ልባሱ ብሬከር ሳያስቆርጥ ምጣድ ውስጥ እንዳለው ሬዚስታንስ ቀልቶ የግድግዳውን እንጨት ያቃጥላል። በዚህ ምክንያት ደንባቸው እ.ኤ.አ. በ1959 ከልባሱ ሥር የሚተኛ፣ ዙሮቹን በሙሉ የሚያገናኝ ቀጭን የመዳብ ወይም የአልሙኒየም ሽቦ እንዲጨመር አዘዘ። ይህን የማነሳው በእኛም ገበያ የሽቦ ሳይሆን የላሜራ ጥምጥም ልባስ ያለው አርመርድ ኬብል ስለሚገኝ ነው። ሻጩ ሁለቱንም «አርመርድ» ብሎ ነው የሚሸጠው። የላሜራው ዓይነት ዶማ ይመክታል እንጂ ለኧርዝነት በእኔ እምነት ፈጽሞ መታመን የለበትም። በአንጻሩ ልባሱ ራሱ የመዳብ ቱቦ የሆነ፣ በማዕድን ዱቄት የተሞላ ኬብል ደግሞ አለ፤ የእርሱ ልባስ ከብዙ የኧርዝ ሽቦ ይበልጣል። ስለዚህ «ልባስ» የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ መፍረድ አይቻልም።

ቁጥሩን ትቼ በዓይኔ ወዳየሁት ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ወደ አንድ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ተጠርቼ ሄድኩ። ቅሬታው ምድር ቤት ያለው የውሃ ፓምፕ «ይነዝራል» የሚል ነበር፤ ከእኔ በፊት ሁለት ባለሙያዎች መጥተው ምንም ችግር የለም ብለው ተመልሰዋል። ጥበቃው ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ አባት ሲሆኑ፣ ፓምፑ አጠገብ ያለውን ወለል በየጠዋቱ የሚያጥቡት እርሳቸው ናቸው። «ልጄ፣ እኔ ውሸታም አይደለሁም፤ ሲሠራ ነው የሚይዘኝ፣ እናንተ ስትመጡ አጥፍታችሁ ትለኩታላችሁ፣ ያን ጊዜ እንደ በግ ይሆናል» አሉኝ። እኔም እንደ ቀደሙኝ ሰዎች ኃይሉን አጥፍቼ የመልቲሜትሬን አንድ ጫፍ በፓምፑ ገላ፣ ሌላውን በረጅም ሽቦ በዋናው ቦርድ የኧርዝ ባር (የኧርዝ ሽቦዎች ሁሉ የሚሰባሰቡበት ብረት) ላይ ሳሳርፍ መሣሪያው ጮኸ፤ 0.3 ኦም። በወረቀት ላይ ቢሰፍር ያለፈ ፍተሻ ነው።

የሽማግሌው ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ረዳቴን የፓምፑን ስታርተር (ማስነሻ) ሳጥን በመዶሻው እጀታ ቀስ ብሎ መታ መታ እንዲያደርግ ነገርኩት። የመልቲሜትሩ ድምፅ ተቆራረጠ፤ ቁጥሩ ከ0.3 ወደ ምንም፣ ከምንም ወደ 0.3 ይዘል ጀመር። ፓምፑ ሲነሳ ሳጥኑን ያንቀጠቅጠዋል፣ ሲንቀጠቀጥ ኧርዙ ይለቃል፣ ሲቆም ተመልሶ ይነካል። ሁለቱ ባለሙያዎች የለኩት ቆሞ ነበር፤ አባት የነኩት ሲሠራ ነበር። ለአንድ ሙያተኛ ከዚህ የበለጠ የሚያሳፍር ነገር ብዙ የለም፤ ትክክለኛውን የፍተሻ ውጤት ይዘው የነበሩት መሣሪያ የሌላቸው ሰው ናቸው።

ግላንዱን ፈታን። ግላንድ ኬብሉ ወደ ሳጥን የሚገባበት የነሐስ አንገት ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ሾጣጣ ቀለበት የብረት ሽቦዎቹን በዙሪያው አሰልፎ ጨምድዶ መያዝ አለበት። የዚህኛው ኬብል ልባስ አርባ ገደማ ሽቦዎች ነበሩት፤ ከቀለበቱ ሥር የገቡት አሥራ አንድ ብቻ ነበሩ፣ የቀሩት በብረት መጋዝ ከሥራቸው ተቆርጠው ነበር፤ ሁሉንም ማስገባት ስላስቸገረ መሆኑ ያስታውቃል። ግላንዱ ራሱ ውስጥና ውጭ በወፍራም ቀለም በተቀባ ላሜራ ላይ በአንድ ዳዶ ተይዞ፣ ከሳጥኑ ብረት ጋር የሚነካካው ጥርሱ ቀለሙን በጫረበት በአንዲት ነጥብ ብቻ ነበር። ባንጆ የምንለው፣ ከግላንዱ ሥር ገብቶ በብሎን በመዳብ ሽቦ ወደ ኧርዝ ባር የሚያያዘው የነሐስ ቀለበት አልነበረም። በዋናው ቦርድ በኩል ደግሞ ግላንድ የሚባል ነገር ጨርሶ የለም፤ ጥቂቶቹ የብረት ሽቦዎች ተጠምዝዘው በባለ 2.5 የመዳብ ሽቦ ተቋጥረው ወደ ባሩ ሄደዋል፣ የቀሩት ደግሞ እጅ እንዳይወጉ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልለዋል።

ሥራውን የሠራውን ወጣት ባለቤቱ በስልክ አስጠርተውት መጣ። ትሑት ልጅ ነው። ለምን እንዲህ እንዳደረገ ስጠይቀው «ጋሼ፣ ኬብሉ ራሱ ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ያስተላልፋል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ያስተላልፋል። መልቲሜትሩም ያለው ይህንኑ ነው። መልቲሜትር የሚያሳልፈው ከረንት ሚሊ አምፔር ስለሆነ አንዲት የጸጉር ያህል ሽቦ ብትነካም «አለ» ብሎ ይጮኻል፤ ስድስት መቶ አምፔር በዚያች ነጥብ ሲመጣ ግን ነጥቧ ብልጭ ብላ ትጠፋለች፣ ያን ጊዜ ኧርዝ የለም። ወጣቱን አልፈረድኩበትም። ግላንድ እንዴት እንደሚታሰር ያስተማረው ሰው አልነበረም፣ የሥራ ዝርዝሩም ላይ ኬብሉ በሜትር ተዘርዝሮ ሲገኝ ግላንድና ባንጆ የሚል አንድ ቃል አልተጻፈበትም፤ ያልተከፈለበትን ዕቃ ከኪሱ አውጥቶ እንዲገዛ መጠበቅም አይቻልም።

ጥገናው ግማሽ ቀን ፈጀ። ትክክለኛ ልክ ያለው የነሐስ ግላንድ በሁለቱም ጫፍ ገባ፣ ኬብሉ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ተላጦ አዲስ የብረት ሽቦዎች ሁሉም ከቀለበቱ ሥር ተሰለፉ፣ የላሜራው ቀለም እስኪያበራ ድረስ ተፋቀ፣ ባንጆው በብሎንና በሮንዴላ ታሰረ፣ ከእርሱም ባለ 16 የመዳብ ሽቦ በካፖኮርዳ (የሽቦን ጫፍ በብሎን ለማሰር በሚያገለግል ማያያዣ) ወደ ባሩ ሄደ። የሞተሩ ሽቦ ውሃ ገብቶበት ስለነበር ተፈትቶ እንደገና ተጠቀለለ፤ ንዝረቱ የመጣው ከእርሱ ነበር፣ ሰው ላይ የደረሰው ግን በጫፉ ምክንያት ነው። መንገዱ አጭር፣ ብሬከሩም አነስተኛ ስለነበር ስሌቱ አለፈ። ኬብሉ አልተለወጠም። የተከበሩት ጸሐፊ ይህን ልብ ቢሉልኝ ደስ ይለኛል፤ በእርሳቸው አነጋገር «የተሰረቀው» ኬብል እዚያው ነው፣ ሽማግሌውም ወለሉን ማጠባቸውን ቀጥለዋል።

ስለ ስርቆት ከተነሳ ደግሞ የተቋራጩን ወገን ጥቂት ልናገርለት። የመዳብ ዋጋ የሚታወቅ ነው፤ ባለ አምስት ኮር ኬብል ከባለ አራቱ በምን ያህል እንደሚወደድ ሱቅ የጠየቀ ሁሉ ያውቃል። ከዚህም በላይ ለብቻው የተዘረጋ ባዶ የመዳብ ኧርዝ በብዙ ሕንፃ ምድር ቤት ዕድሜው አጭር ነው፤ ቆርጠው ይወስዱታል። ሕንፃው ሲመረቅ የነበረ ኧርዝ በሁለተኛው ዓመት የለም፣ ቢኖርም ባይኖርም መብራቱ ስለሚበራ የሚያስተውለው ሰው የለም። የብረት ልባሱን ግን ማንም አይሰርቀውም። ይህ የአሠራሩ ትልቅ ጥቅም መሆኑን መካድ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ስለ አንድ ሌላ ጉዳይ በአጭሩ። ከዋናው ቤት ወደ ሰርቪስ ቤት በአርመርድ ኬብል መብራት የሚወሰድበት ግቢ ብዙ ነው፤ ሰርቪስ ቤቱ ደግሞ የብረት የውሃ ቧንቧ አለው። የቧንቧውን ብረት ከዋናው ኧርዝ ጋር ማያያዝም የዚያው ልባስ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ላይ ግን መለኪያው ሙቀት የመቻል አቅም ሳይሆን ማስተላለፍ ነው፣ ስለዚህ 3.1 የሚለው ቁጥር አይሠራም፣ የሚሠራው ስምንት ነው። 10 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ለሚያስፈልግበት ቦታ 80 ካሬ ሚሊ ሜትር ብረት ያስፈልጋል ማለት ነው። ወደ ሰርቪስ ቤት የሚሄድ ትንሽ ኬብል ያን ያህል ብረት ስለሌለው ለቧንቧው ተጨማሪ የመዳብ ሽቦ መሳብ ግድ ይሆናል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን ዋናው ቦርድ ያለው ኧርዝ በመዳብ መንገድ እስከ ትራንስፎርመሩ ኒውትራል ድረስ የሚመለስ ሲሆን ነው። ኧርዙ ግቢ ውስጥ ከተተከለ አንድ ዘንግ ሌላ ምንም ካልሆነ የልባስና የመዳብ ክርክር ትርጉም የለውም። የዘንጉ ሬዚስታንስ 20 ኦም ቢሆን፣ ይህም በእኛ አፈር ክፉ የሚባል ውጤት አይደለም፣ 220 ቮልት በእርሱ በኩል የሚያስፈሰው 11 አምፔር ብቻ ነው፤ ባለ 32 ብሬከር ይህን እንደ አንድ ምጣድ ጭነት ቆጥሮ ዝም ይላል። እዚያ ቤት ሰው የሚያድነው የኬብሉ ዓይነት ሳይሆን በፌዝና በኒውትራል መካከል ያለውን የከረንት ልዩነት ለክቶ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጠው አርሲዲ ነው። ጸሐፊው የሕንፃቸውን ኬብል ከማስለወጣቸው በፊት ይህን ቢያስፈትሹ ገንዘባቸውን የተሻለ ቦታ ላይ ያውሉታል።

ስለዚህ ክልከላውን ትተን የሚከተለው ቢደረግ እላለሁ። አማካሪ መሐንዲሶች እስከ 35 ካሬ ሚሊ ሜትር ድረስ ላለው መስመር የኧርዝ ኮር ያለው ኬብል ቢጽፉ የተሻለ ነው፣ ዋጋው የሚከፋው ከዚያ በላይ ነውና። ከዚያ በላይ ልባሱን በኧርዝነት መጠቀም ከፈለጉ ሁለቱን ስሌቶች ከፕላኑ ጋር አያይዘው ያቅርቡ፤ ስሌቱ ካላለፈ የመዳብ ሽቦ በተጨማሪ ይሳብ፣ ሲሳብም ከኬብሉ ጋር ተጣብቆ ይሂድ እንጂ በሌላ ግድግዳ ዞሮ አይምጣ፤ በሌላ መንገድ የዞረ ሽቦ ከረንቱን ከልባሱ ላይ እንደሚታሰበው አያቀልለትም። የመዳቡ ሽቦ መጨመሩ ግላንዱን ችላ ለማለት ምክንያት አይሆንም፣ ከረንቱ በሁለቱም ይሄዳልና። በሥራ ዝርዝሩ ላይ ግላንድ፣ ባንጆና ማያያዣ ሽቦ በየቁጥራቸው ራሳቸውን ችለው ይጻፉ፣ ይከፈልባቸውም። ባለ አንድ ኮር አርመርድ ኬብል የሚገዛ ደግሞ ልባሱ አልሙኒየም መሆኑን ያረጋግጥ፤ ብረት ከሆነ በማግኔት ምክንያት ያለ አንዳች ስሕተት እንዲሁ ይሞቃል።

ፍተሻውን በተመለከተ፣ ስለ ሕንፃዎች የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሚደነግግ የአገራችን ደንብ፣ ኢቢሲኤስ 10፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ የደንብ መኖር አይደለም የጎደለን። የጎደለን ፈታሽ ካቻቢቴና ቁልፍ ይዞ መምጣቱ ነው። ሕንፃ ለመረከብ የሚመጣ ቡድን ቦርድ ከፍቶ መብራት ሲበራ አይቶ ይፈርማል፤ በየፎቁ አንድ ግላንድ መርጦ ቢያስፈታና ከኬብሉ መጨረሻ ላይ፣ ኃይሉ እንደበራ፣ የመንገዱን ሙሉ ኦም በሚለካ መሣሪያ ቢለካ ግን የአንድ ጠዋት ሥራ ብቻ ይጨመርበታል። እኔ በበኩሌ ከዚያ የፓምፕ ቤት በኋላ አንድ ልማድ አውጥቻለሁ፤ መልቲሜትሩ ሲጮኽ ረዳቴ ሳጥኑን በመዶሻው እጀታ ይመታል፣ ድምፁ ከተቆራረጠ ፊርማ የለም።

ለተከበሩት ጸሐፊ አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። ሕንፃው የሚገኝበትን አካባቢ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ቢያሳውቁኝ፣ ያለ ክፍያ አንድ ቅዳሜ መጥቼ ከሜይን ቦርዱ የሚወጡትን ኬብሎች ጫፍ አብረን ልንፈታ ዝግጁ ነኝ። ስሌቱ ከወደቀ ለተቋራጩ የሚጻፈውን ደብዳቤ ከእርሳቸው ጋር እፈርማለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ
ከአዲስ አበባ